ሁለት የቀኝ ግድግዳ

የባለቤቴ ወንድም ፍራንክፈርት ነው የሚኖረው። ደግ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ዕቃ ይልካል። የሚልካቸው ዕቃዎች ግን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሥራ ያጣሉ። አንድ ዓመት ለእኔ የሱፍ ካፖርት ላከ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ለሠርግ ይለበስ ነበር፤ እኛ በምንኖርበት ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ድመታችን ሁለት ጊዜ ወልዳበታለች። በሌላ ዓመት ሙቅ ውሃ ተሞልቶበት አልጋ ውስጥ የሚታቀፉት የጎማ ከረጢት መጣ። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና፣ «ወንድሜ ሀገሩን ረስቷል» ብላ በረዶ ሞላችበት።

ዘንድሮ ተራው የልጄ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በስልክ አጎቱን «ባቡር እፈልጋለሁ» አለው፤ አጎቱም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የባቡር ጣቢያ ገዝቶ ላከለት። ባቡር አይደለም፤ ጣቢያ። ያውም ተገጣጣሚ። ልጁ ሳጥኑን አገላብጦ ባቡሩን ፈለገና ሲያጣው ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ቸገረህ» አልኩት፤ «እኛ ሀገር እኮ ጣቢያው ነው የሚቀድመው።»

ላጽናናው ያልኩት እንጂ ቀልድ አልነበረም። ይህ ልጅ ሳይወለድ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መስመር እንዲሠራ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ታሰረ። በ2007 ግንባታው ሲጀመር ልጁ ዳዴ ይል ነበር። ሐዲዱ በቆላችን በኩል ሲዘረጋ እሱም አብሮ አደገ። «አባዬ፣ ባቡሩ መቼ ይመጣል?» ይለኛል። «ሲደርስ» እለዋለሁ። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ በዚያ መስመር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ከአዲስ አበባ የሚለየንን 225 ኪሎ ሜትር አሁንም በሚኒባስ፣ ጉልበቴን ከፊት ወንበር ጋር እያላተምኩ ነው የምጨርሰው።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ካለው ያማረ ስዕል ይልቅ ጥጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳበኝ፤ 1 ለ87 ይላል። የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ኤች ኦ የሚሉት መጠን ነው፤ ማንኛውም ነገር 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው፤ በዚያ ዓለም ድፍን 2 ሴንቲ ሜትር እሆናለሁ። ልጁ ተገርሞ፣ «እማዬስ?» አለ። ባለቤቴ ከእኔ ትረዝማለች፤ ወደ ሌላ ስሌት አለፍን። የአዋሽ ወልዲያው መስመር በሙሉ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ከቤታችን ተነስቶ ማሾና ሽንኩርት ማሳዎቹ መሃል ያልቃል። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያንስ 16 ነጥብ 5። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ድፍን 1 ሜትር ነበር፤ ሲያንስ 11 ተኩል።

እዚህች ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ በኋላ ለሚመጣው መከራዬ መጽናኛ ያገኘሁት ከዚህ ስሌት ነውና። ፈረንሳዮቹ ከጅቡቲ ሥራ የጀመሩት በ1890 ነው። በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሱ። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። በ2009 ቻይናዎቹ የሠሩት አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ሲመረቅ የድሮው ፉርጎ ሊሳፈርበት አልቻለም፤ የ43 ሳንቲም ተኩል ልዩነት አለ። አንድ ዘመን ሙሉ ቡና፣ ጨውና ሙሽራ ያመላለሰ ፉርጎ በ43 ሳንቲም ተኩል ምክንያት ከአዲሱ ሐዲድ ውጭ ቀረ። አለመግጠም እንግዲህ በእኔ ቤት አልተጀመረም። ደግሞ ሰው ካሰበበት ይገጥማል፤ የቱርኮቹ መስመር አዋሽ ላይ የሚገናኘው ከዚሁ ከቻይናዎቹ ሐዲድ ጋር ነው፤ ሁለቱም 1,435። ቱርክና ቻይና ሳይነጋገሩ የተስማሙበትን ልክ አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው የኖሩ ሁለት ግድግዳዎች አጡት።

የሳጥኑ ክዳን ላይ በትልቁ «ባንሆፍ» ተብሎ ተጽፏል። ጀርመኖቹ ጣቢያን እንዲህ ነው የሚሉት። ፈረንሳዮች ጣቢያቸውን «ላ ጋር» ሲሉት እኛ ለገሃር አድርገን አስቀረነው። ሐዲዱን ጀርመን ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የታክሲው ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ባኖፍ! ባኖፍ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮህ ነበር።

ሳጥኑን ከፈትነው። ውስጡ ጣቢያ የለም። ያለው በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ዘለላ የተንጠለጠለ ብጥስጣሽ ነው፤ ግድግዳ፣ መስኮት፣ በር፣ መሰላል፣ ከሩዝ የማይበልጥ የበር እጀታ። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። መመሪያው በአራት ቋንቋ ተጽፏል፤ ከአራቱ አንዱንም አናውቅም። ሥዕልና ቀስት ግን ይዟል። ቀስቱ «ይህ እዚህ ይገባል» ይላል። ቀስትን የመሰለ ውሸታም አላየሁም።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ቆጠራ አካሄድኩ። ቁጥር 17 ሁለት ጊዜ ተገኘ። ቁጥር 16 የለም። ሳጥኑን ገለበጥነው፣ ምንጣፉን አነሳን፣ ድመቷን ከካፖርቷ አስነስተን ፈተሽን፤ የለም። መመሪያውን ስናየው 16 ማለት የግራ ጎን ግድግዳ፣ 17 ማለት የቀኝ ጎን ግድግዳ ነው። ጣቢያችን ሁለት ቀኝ አለው፤ ግራ የለውም። ትንሽ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ሁለት የግራ እግር ጫማ ገዝቶ ተመልሶ ነበር። ሰውዬው አልተናደደም፤ «አሁን ሌላ ሁለት የቀኝ የገዛ ሰው አለ፤ እሱን እስካገኝ ድረስ በግራዬ እሄዳለሁ» አለ። በዚያን ጊዜ ሞኝ ይመስለኝ ነበር።

ቁጥር 4፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ እንደ ሰፌድ ጎብጧል። ሳጥኑ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ከብረት አልጋ ሥር ነበር የተጫነው፤ ፀሐይና አልጋ ከላይ፣ የጋለ ቆርቆሮ ከታች። ከጣርማ በር ወዲህ ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ ግድግዳው ደግሞ ቀጥ ማለቱን አወለቀ። መድኃኒቱን አውቃለሁ፤ ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለዝባል፣ ለዝቦ ሳለ ሜዳ ነገር ላይ ተኝቶ ክብደት ከተጫነበት ሲቀዘቅዝ ይቃናል። ሙቅ ውሃ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«የቡና ውሃዬ ውስጥ ግድግዳ ልትቀቅል ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ለልጁ ነው።»

«ልጁማ ተኝቷል።»

እውነቷን ነው፤ ልጁ ከተኛ ሰዓት አልፎታል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጣቢያው የማን እንደሆነ ግራ ገብቶን ነበር። ያም ሆኖ ውሃውን ሰጠችኝ። ግድግዳውን ዘፍዝፌ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ጫንኩበት፤ በ1962 የታተመውን፣ ግንድ የሚያክለውን። አንድ የሒሳብ መምህር ይህን መጽሐፍ ለምን እንደሚያስቀምጥ ለዓመታት ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ሳነሳው ግድግዳው ቀጥ ብሏል። አንዲት ጥግ ብቻ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀና ብላ ቀረች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ግድግዳዎቹን ማቆም ጀመርን። የፊቱ ከጎኑ ሲገናኝ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተፈጠረ። 2 ሚሊ ሜትር ምን አላት? በ87 ስትባዛ ግን 17 ሳንቲም ከምናምን ናት፤ ቲኬት ቆራጩ እንቅልፍ ቢወስደው ጅብ እጁን ሰዶ ካዝናውን ይወስዳል። ሞረድ አመጣሁ፤ ብርጭቆ ወረቀት አመጣሁ፤ በምላጭ ፋቅሁ። አንዱን ጎን ስፍቅ ሌላው ጎን ይከፈታል። ያንን ሳስተካክል ወለሉ ይጠባል። ወለሉን ስፍቅ በሩ አይዘጋም። ተማሪዎቼ የእኩልነት ጥያቄ ሲሠሩ አንዱን ወገን ብቻ ቀንሰው ሲመጡ የምቆጣውን ሁሉ ያን ምሽት ራሴ አደረግኩት።

አብሮ የመጣው ሙጫ ከነቱቦው ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ተገዛ። ሱፐር ግሉ ላይ «በጥንቃቄ» ይላል እንጂ ከምን እንደሚጠነቀቁ አይልም። የጣሪያውን አንድ ክንፍ በአውራ ጣቴ ደግፌ አሥር ድረስ ቆጠርኩ። አሥር ስል ጣቴ የጣሪያው አካል ሆኗል። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ የወር መዋጮ ሊጠይቁ። ለአክብሮት ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ልጨብጣቸው ስል ጣሪያው አብሮኝ ተነሳ።

«ምነው መምህር፣ ምን አገኘህ?»

«ቤት እየሠራሁ ነው፣ ጋሼ።»

ጣሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መዋጮውን በሚቀጥለው ወር እንደሚወስዱ ነግረውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ዕድሩ ውስጥ እኔን የሚመለከት ምን እንደተወራ አልጠየቅሁም።

ትልቋ ልጄ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበትን አሴቶን ይዛ መጣች። አሴቶን ሱፐር ግሉን ያስለቅቃል፤ እውነት ነው፤ ጣቴ ተለቀቀ። ማናችንም ያላሰብነው ይህን ፕላስቲክም እንደሚያቀልጥ ነው። ጣሪያው ላይ የአውራ ጣቴ ቅርጽ ጎድጉዶ ታተመ። ለካሁት፤ 2 ሴንቲ ሜትር። እንግዲህ የባቡር ጣቢያው ጣሪያ ላይ ልክ እኔን የሚያክል፣ ከራስ እስከ እግር የተጋደመ ጉድጓድ አለ።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን አናጺው ከአስር ሶላት በኋላ ብቅ አለ። ወሬው ደርሶታል። ተቀመጠ፣ ቡና ቀረበለት፣ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዛቸውን አየ፤ የበርና መስኮት እንጨት እንደሚያይበት።

«የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?» አለኝ።

ሳልስቅ አሰላሁለት።

«መምህር» አለ፣ «እኛ ስንሠራ እንጨት መቼ ገጥሞልን ያውቃል? ባሕር ዛፉ ይጣመማል፣ ግራሩ እንደፈለገው ይወለጋገዳል። ቋሚ ተክለን፣ ማገር መትተን፣ ጭቃ አለ ብለን ነው ልባችንን የምንጥለው። ምርጊት የማይሸፍነው ነገር የለም። የዚህ የፈረንጅ ቤት ጥፋቱ አለመግጠሙ አይደለም ወላሂ፤ ጭቃ የለውም።»

ልጁ ከወንበሩ ዘለለ። «ላቡካ?»

ጭቃ ይቅር ተባለ፤ በ1 ለ87 ጭዱን ማን ያደቅቀዋል? ግን ሐሳቡ ሐሳብ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠግነውን ልጅ ስጠይቀው ሳቀብኝ፤ ሥራው ነው ለካ። ክፍተቱ ላይ ሶዳ ትነሰንሳለህ፣ ሱፐር ግሉ ጠብ ታደርግበታለህ፣ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ታስተካክለዋለህ። የዳቦ ሶዳ ከኩሽና ወጣ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችን እንጂ ምንም አላለችም፤ የቡና ውሃ የሰጠ ሰው ሶዳ አይከለክልም ብላ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጅብ ያልፍበት የነበረው ክፍተት ሁሉ ተመረገ። እርግጥ ነው ነጭ ነጭ የሚል እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ጠባሳ በየማዕዘኑ ታየ። አናጺው፣ «ቀለም ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» አለ።

የግራው ግድግዳ ብቻ ቀረ። ሁለተኛውን ቀኝ የፊት ጠርዙ ከፊት እንደሆነ ወደ ግራ ስናዛውረው ውስጡ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ጡብ የተቀረጸበት ፊቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ልሙጡ ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል። ገልብጠን ብናስቀምጠው ጡቡ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ በሩ ግን ጣሪያው ሥር ይሆናል። ሁለት ምርጫ ነበረን፤ ጡብ የሌለው ግድግዳ ወይስ መንገደኛው በጣሪያ የሚገባበት ጣቢያ። ልጁ ሁለተኛውን መረጠ። እኔ አመነታሁ። ፈራጁ አናጺው ሆነ።

«ልሙጡ ይውጣና ያ ጎን ወደ ቤታችሁ ግድግዳ ይዙር። የማን ቤት ነው እንዲህ ያለ ጎን የሌለው? የእኔን ቤት ጓሮ አይተሃል?»

አይቻለሁ። ዝም አልኩ።

ማታ ላይ ጣሪያው ሊገጠም ሲል አናጺው ደግሞ አቆመን። «ይሄ ጣሪያ ለምን ነው እንዲህ የሾለው?» ለበረዶ ነው አልኩት፤ በእነሱ ሀገር በረዶው እንዲንሸራተት ነው። «እሺ ይሄስ?» አለ ቁጥር 22ን አንስቶ፤ የጭስ ማውጫ ነው። «ውስጥ እሳት ሊሞቁ?» ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ነው የምናወራው። ጣሪያው ላይ የተሠራለትን ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ስለሳተ ለሁለት ቀን ስፍቀው የኖርኩት ይኸው ቁጥር 22 ነበር። አናጺው ኪሱ ከተተው። ከሳጥኑ ውስጥ ከወጡት ክፍሎች ሁሉ ማስቸገሩን ያቆመው የተውነው ብቻ ነው።

ቀዳዳውን ልጁ በአሮጌ ሲም ካርድ ሸፈነው። ኔትወርክ ነው አለ።

ጣቢያው ግንባር ላይ ሰዓት አለ፤ ተለጣፊ ወረቀት ነው፣ 9 ከ10 ላይ ቆሟል። የፈረንጆቹ የጠዋት 9 ሰዓት የእኛ 3 ነው። ልጁ ይህን አስልቶ ተለጣፊውን ገልብጦ ለጠፈው። ገልብጦ ሲለጥፈው ትንሹ ዘንግ 3 ላይ፣ ትልቁ 8 ላይ አረፈ። ከ9 ከ10 ወደ 3 ከ40 ሄድን ማለት ነው፤ ለሰላሳ ደቂቃ ተሳሳትን። ለባቡር ሰላሳ ደቂቃ ምንም አይደለም አልኩትና ተውነው።

አሁን ጣቢያው ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ወደ ቀኝ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፤ ሁለት ቀኝ ላለው ነገር ይህ ሊፈረድበት አይገባም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ናት የምታሳየው። «ባሌ የሠራው ነው» ትላለች፤ ቡናዋንና ሶዳዋን ሳታነሳ። የዕድሩ ዳኛም በሚቀጥለው ወር ለመዋጮ ሲመጡ ቆመው አዩት፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ጉድጓድ በጣታቸው ዳስሰው፣ «ቦንብ ነው?» አሉ።

ልጁ ጣቢያ ብቻውን አልበቃ ብሎት ባቡር ሠርቷል። ፉርጎዎቹ የክብሪት ቀፎ፣ ጎማዎቹ ቆርኪ ናቸው። ሐዲዱን ከሽቦ ዘረጋ፤ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ከቡፌው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያለ አንድ ብር ብድር። ባቡሩን ሊያስነሳ ሲል ጎማው ከሐዲዱ በአውራ ጣት ስፋት ወጣ ብሎ ተገኘ። ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስለ 43 ሳንቲም ተኩሉ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና ሐዲዱን ሳይሆን ቆርኪዎቹን ነቅሎ ወደ ውስጥ አስጠጋቸው። ባቡሩ ሄደ። ሸዋ ሮቢት በእኛ ቡፌ በኩል ባቡር ገብቶላታል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። በዚህ ዓለም ላይ፣ አንድ ቦታ፣ ሁለት የግራ ግድግዳ ይዞ የተቀመጠ ሰው አለ። ከእኔ ጋር አንድ ቀን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ በአንድ ተዘናጊ እጅ ተቀያይረን የተለያየን ነን። እሱም ሲፍቅ አምሽቷል፤ እሱም የቤቱን ሰው የቡና ውሃ ለምኗል፤ የእሱም ጣቢያ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል አልጠራጠርም። ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበልህ ሰው ካለ፣ ቁጥር 16ን ላክልኝ፤ 17ን እልክልሃለሁ። ሱፐር ግሉን ቀድሞ ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ አሴቶን ግን እንዳትነካ።